ይቺኛዋ የኮምቦልቻ ናት

የጋሽ እንድሪስን ሞት የሰማሁት ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ከቤቴ በር ላይ ልብስ ሳሰጣ ነው። ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሾፌር ጎረቤት ነበረኝ፤ ከመኪናው ሳይወርድ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ይመኙ፣ እትዬ ሰዓዳ ልከውኝ ነው። ጋሽ እንድሪስ ዐርፈዋል። ከዙሁር ሶላት በኋላ ይቀበራሉ» አለኝ። የጨመቅኩትን አንሶላ እዚያው ጥዬ ነጠላዬን ፈለግሁ። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ መንገዱ በወታደር መኪና ተጨናንቆ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ቆመን ዋልንና ቀብሩ አመለጠኝ። እዚያው ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር፤ ይየኝ።

ኮምቦልቻ ስደርስ ከቀብር የተመለሰው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ወሎ ውስጥ የእስላም ቀብር ነው፣ የክርስቲያን ቀብር ነው ተብሎ አይቀርም፤ ጠላትም ቢሆን አፈር ሊያለብስ ይወጣል። ለጋሽ እንድሪስ ግን ከደሴ የወረደ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ደሴ እኚህን ሰው «የልጆቻችንን ፎቶ ለገዳይ አሳልፎ የሰጠ» ብላ ነው የቀበረቻቸው፤ ያውም በሕይወት እያሉ፣ ብዙ ዓመት ቀድማ። እኔ ደግሞ እውነቱን እያወቅሁ አፌን ይዤ የኖርኩ ነኝ። አፌን ያስያዙኝ ራሳቸው ናቸው፤ እሱን እነግራችኋለሁ።

ፎቶ ቤታቸው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነበር። እኔ ትምህርቴን አቋርጬ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት «ጨለማ ትፈሪያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ፤ «ከሰው ጨለማ ይሻላል» አልኳቸው። ሳቁና ቀጠሩኝ። ፊልም አጣቢም አታሚም ሆንኩ። ጋሽ እንድሪስ አጭር፣ ደረቅ ያሉ ሰው ናቸው፤ ኮፊያቸው ሥር ሁልጊዜ እርሳስ ይሰካሉ፣ ከዚያ እርሳሱን ቤቱን ሁሉ ሲፈልጉ ይውላሉ። የደንበኛውን አገጭ በሁለት ጣት ቀና ሲያደርጉ «ቢስሚላህ» ይላሉ። ሰው ፈገግ እንዲል አይለምኑም። «ፊትህን እንዳመጣኸው ተወው» ነው የሚሉት።

ከደሴ በፊት ኮምቦልቻ ላይ ፎቶ ቤት ነበራቸው። አንድ ክረምት የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ገባና ጠራርጎት ሄደ። ካሜራውን ተሸክመው ሮጡ፤ ኔጌቲቩ፣ ፎቶው ሁሉ የሚታተምበት ፊልም ማለቴ ነው፣ ከጭቃ ጋር ጭቃ ሆኖ ቀረ። ከሁሉም የከፋባቸው አንድ ሙሽራ ነው። ኮሌታቸውን አንቆ «ሰርጌን መልሱልኝ» አላቸው። ምን ይበሉ። ሚዜዎቹን ሰብስበው፣ ቬሎ አስውሰው ሰርጉን እንደገና አነሡት። ሙሽሪት እስከዚያ ድረስ ሆዷ ገፍቶ ስለነበር ከደረቷ በላይ ብቻ፣ ያውም እቅፍ ሙሉ አበባ አስይዘው። «ያ ልጅ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፤ በእናት በአባቱ ሰርግ ላይ አብሮ የተነሣ እሱ ብቻ ነው፣ አበባው ሥር» እያሉ ሲስቁ ዕንባቸው ይመጣ ነበር።

ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ፊታቸው ይለወጣል። «ይመኙ፣ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይላሉ። «የሰው ፊት አደራ ነው። ሱቅ ቢቃጠል ሱቅ ይሠራል። ፊት ከየት ይመጣል?»

ስለዚህ ደሴ ላይ አዲስ ሥርዓት አወጡ። ማንንም ሰው ሁለት ጊዜ ያነሣሉ፣ በሁለት ፊልም። አንዱ ደሴ ይቀመጣል፣ ሌላው በሳምንቱ መጨረሻ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ፣ እህታቸው እትዬ ሰዓዳ ቤት ይገባል። እዚያ አንድ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነበር፤ ምስጥ እንዳይወጣበት አራቱም እግሩ ናፍጣ የተሞላ ጣሳ ውስጥ ይቆማል። ቁልፉ እትዬ ሰዓዳ አንገት ላይ ነው። ለምን ኮምቦልቻ ስላቸው «ደሴ ቢቃጠል እሳቱ ሐረጎን አይወርድም፤ ቦርከና ቢሞላ ጎርፉ ሐረጎን አይወጣም» አሉኝ። የመዝገቡንም ግልባጭ እዚያ አስቀምጠው ነበር። ፊልም ኖሮ የማን እንደሆነ ካልታወቀ ምን ይጠቅማል።

በዚህ ብቻ አይበቃቸውም። አንዳንድ ጠዋት ገና በሩን ስከፍት የደሴውን ሳጥን ቆልፈው ላዩ ላይ ይቀመጡና «ይመኙ፣ ዛሬ ቤቱ ተቃጥሏል» ይሉኛል። መጀመሪያ የሰማሁት ዕለት የእናቴ ቤት መስሎኝ እሪ ብዬ ልወጣ ስል በእጄ ያዙኝ። «ይኼኛው ቤት ነው። ሁሉም ነዷል። አሁን የእገሌን ፎቶ ከዐስር ሶላት በፊት አድርሺልኝ።» እኔ ሆዬ በአውቶብስ ወርጄ፣ እትዬ ሰዓዳን ከገበያ ፈልጌ፣ ሳጥኑን አስከፍቼ፣ ፊልሙን ይዤ ሽቅብ። አትሜ ሳስረክብ ሰዓት አይተው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። «ጥሩ ነው፤ እኔ ብሞት አንቺ አለሽ። አንቺ ብታገቢ ሰዓዳ አለች።» «እትዬ ሰዓዳ ቢሞቱስ?» ስል «እሷ ለቁጣ እንጂ ለሞት ጊዜ የላትም» አሉኝ።

ታዲያ ይኼን ሥርዓት በሹክሹክታ አልነበረም የሚሠሩት፤ ይኮሩበት ነበር። መጀመሪያዋን ያነሡና ደንበኛው ሊነሣ ሲል «ተቀመጥ፣ አትነቃነቅ፤ ይቺኛዋ የኮምቦልቻ ናት» ይላሉ። ነገሩ ከተማው ውስጥ ቀልድ ሆነ። ሰው ቤት ሁለተኛ እንጀራ ሲጨመርልህ «ይቺኛዋ የኮምቦልቻ ናት» ይባላል። ሁለት ጊዜ የሚያነጥስ ሰው ካለ እንዲሁ። እሳቸውም ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ሱቃቸውን ከእሳትም ከጎርፍም እንዲተርፍ አድርገው አዘጋጅተውታል፤ ጥፋት በሰው እግር፣ በሰው አፍ እያወራ እንደሚመጣ ግን እሳቸውም እኔም አላሰብነውም።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ጠዋት ሰው ከቤቱ ሲወጣ መንገድ ላይ የተጣለ ልጅ የሚያገኝበት ጊዜ። አሰሳ መጣ ሲባል ደሴ የገዛ ልጁን ፎቶ ምድጃ ውስጥ ይከት ነበር፤ ምክንያቱም ከአንድ ተፈላጊ ጋር በፎቶ አብሮ የታየ ሁሉ ተፈላጊ ነው። በዚያ ሰሞን እመት ከድጃ መጡ። ሆጤ ነው ቤታቸው፤ ባላቸው የሞቱ፣ ጀማል የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። ጀማል የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ያን ጊዜ ከቤት ወጥቶ ወደ ባቲ በኩል ተደብቋል ይባላል።

«እንድሪስ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የጀማልን ፎቶ አንድ ሳላስቀር አቃጠልኩት። ያንተ ስላለልኝ ነው። ሁለቱም አሉ አይደል?»

«አሉ፤ አብሽሪ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ይኼ ቀን ያልፋል። ያን ጊዜ ትልቅ አድርጌ አትምልሻለሁ።»

እመት ከድጃ ደረታቸውን በእጃቸው ነክተው ሄዱ። ያቺን «አብሽሪ» ጋሽ እንድሪስ እስከ ዕለተ ሞታቸው የረሷት አይመስለኝም።

ብዙም ሳይቆይ የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ መጣ። ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ወንበር ስበንለት ተቀመጠ። የተማሪዎቹን ጉርድ ፎቶ እንደሚፈልግ ነገረን። ልጆቹ ተበትነዋል፣ በየኬላው ያለው ጠባቂ መልካቸውን አያውቅም፤ ፎቷቸው ከታተመ ግን አንድም አያልፍም። «ሳጥኑን አዘጋጁልኝ፤ ነገ እወስደዋለሁ» ብሎ ወጣ።

ጋሽ እንድሪስ በሩን ዘጉ። ቀጥሎ «ይመኙ፣ ውሃ አፍዪ» አሉኝ። ፊልም ላይ ምስሉን የያዘው ስስ ቅባት መሳይ ነገር ነው፤ የፈላ ውሃ ሲነካው ይለቅና እንደ ወተት ቆዳ ተንሸራቶ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ በእጅህ የሚቀረው ባዶ ላስቲክ ነው። የተማሪውን ብቻ ለይቼ ላውጣ ስል «የተማሪው ብቻ ከጠፋ ያወቅነው ነገር አለ ይላል» አሉኝና ሙሽራውንም፣ ሕፃኑንም፣ ሐጂውንም አንድ ላይ ነከርነው። ከዚያ ክረምት ስለነበር ከጣራው ላይ አንድ ቆርቆሮ ነቀነቁና ዝናቡን ሳጥኑ ላይ ለቀቁት።

በነጋታው ኃላፊው ያንን ጉድ አየ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ሳቀ። «ግድ የለም ጋሽ እንድሪስ፣ የኮምቦልቻዋ አለች አይደል? እኔንስ ሁለቴ አይደል ያነሡኝ?» አለ። ያን ዕለት መኪናው ለስብሰባ ተይዞ ስለነበር ነገ አብረን እንወርዳለን አላቸውና እስከዚያው ቀበሌ እንዲቆዩ አዘዘ። እየወሰዷቸው ሳለ ዞር ብለው፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ይመኙ፣ ሰዓዳን እግሯን አሟታልና ወርደሽ ውሃ አፍልተሽ እጠቢልኝ» አሉኝ። እትዬ ሰዓዳ እግራቸውን አሟቸው አያውቅም።

ኮምቦልቻ ደረስኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ለእትዬ ሰዓዳ ነገርኳቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «እሱ ራሱ ነው ያለሽ?» «ራሳቸው ናቸው።» ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ። ትልቁን ድስት ጥደን ሁለታችን ጓሮ ተቀመጥን፤ እሳቸው ከፖስታው እያወጡ ይሰጡኛል፣ እኔ እነክራለሁ። የገዛ ሰርጋቸው ፊልም እጃቸው ላይ ሲደርስ ትንሽ ያዝ አድርገው ቆዩና እሱንም ሰጡኝ። ሲያልቅ ጣሳዎቹን ከሳጥኑ እግር ሥር አውጥተን ናፍጣውን ደፋን፤ ከማሳ ዳር ኩይሳ ቆፍረን፣ ምስጡን ከነአፈሩ ከመዝገቡና ከባዶው ፊልም ጋር ሳጥኑ ውስጥ ሞላነው።

በነጋታው መጥተው ሲከፍቱት ምስጥ ይርመሰመስበታል። ይመኑ አይመኑ አላህ ያውቃል። ሳጥኑን ግን እንዳለ ላንድሮቨር ላይ ጭነው፣ ጋሽ እንድሪስን አጠገቡ አስቀምጠው ደሴን በአደባባይ አቋርጠው ገቡ። ጥፋቱ ይኼ ነው። ሕዝቡ ያየው ሳጥኑን ነው። ምን እንዳለበት ማን ያውቃል? የጋሽ እንድሪስ የኮምቦልቻ ሳጥን አብዮት ጥበቃ ገባ፤ በቃ።

ክረምቱ እስኪወጣ አሰሯቸው። ውስጥ እግራቸውን ገርፈዋቸው ሲወጡ በጫማቸው ጠርዝ ነው የሚራመዱት። እሳቸው እስር ቤት እያሉ ጀማል ተገደለ። ጠቋሚ ነው ያስያዘው፤ አብሮት የተማረ ልጅ ኬላው ላይ ቆሞ ነበር። ፎቶ አልነበረም። ብዙ ልጆች ግን መልካቸውን የሚያውቅ ጠፍቶ በዚያው ኬላ እያለፉ ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ዛሬም አሉ። ይኼን ማን ያውቃል? ያልተያዘ ልጅ እናት ለምን አልተያዘም ብላ አትጠይቅም።

እመት ከድጃ መጡ። ፎቶ ቤቱ እንደተከፈተ የመጀመሪያዋ ሰው እሳቸው ናቸው።

«የልጄን ምስል ስጠኝ።»

«የለም ከድጃ።»

«ሁለቴ ነው ያነሣኸው። አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። የኮምቦልቻዋን ስጠኝ።»

«የለችም።»

«የት ሄደች?»

ጋሽ እንድሪስ መሬት መሬት አዩ። እመት ከድጃ ብዙ ቆሙ፤ መልስ ሲያጡ «ሰጠኻቸው» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። ወጥተው ሄዱ፤ ከዚያ ቀን በኋላ በሩ ላይ ሲያልፉ ፊታቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር።

አበድኩ። «ይንገሯቸው፤ ካልሆነ እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኳቸው። ተቆጥተውኝ የማያውቁ ሰው ያን ቀን ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ። «ከድጃ ላዘነላት ጎረቤቷ ትነግራለች፤ ጎረቤቷ ለእህቷ። በሦስተኛው ቀን አንቺንና ሰዓዳን ይወስዷችኋል። እኔን ይጥሉኝ፤ ይቻለኛል» አሉ። ቀጥለው ግን «የፎቶው መጥፋት ይቻላል ብዬ ነበር የያዝኩት፤ ፊቷን ማየት ነው የማልችለው» አሉኝ።

እንደገና ሥራ ስንጀምር የመጣው ሰው ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የግድ የሆነበት ብቻ ነው። አንድ ገበሬ ነበር መጀመሪያ የተነሣው። አንዴ ካነሡት በኋላ እንደ ልማዱ ሁለተኛዋን እየጠበቀ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጦ ቀረ። «ጨርሻለሁ፤ ተነሥ» አሉት። እኔ ጨለማ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሁለቴ አንሥተው አያውቁም፤ ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ተጎተትንና ዘግተው እህታቸው ዘንድ ወረዱ። እኔም ሌላ ሥራ ያዝኩ። አልፎ አልፎ ስጠይቃቸው በር ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ፤ ስለ ከድጃ ጤና ብቻ ይጠይቁኛል። ስለ ፎቶ አንሥተን አናውቅም።

እንግዲህ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሆኜ ይኼን ሁሉ እያሰብኩ ሳለ፣ ወደ ማምሻው ገደማ በሩ ላይ እመት ከድጃ ቆመው አየሁ። አርጅተዋል። በያዙት ዱላ እየተደገፉ ገብተው ከእኔ አጠገብ ተቀመጡና «ለሰዓዳ ብዬ ነው የመጣሁት» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

እትዬ ሰዓዳን አየኋቸው። ከማዶ ተቀምጠው እሳቸውም ያዩኝ ነበር። አንገታቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ከፈቀዱ ማንን እፈራለሁ? ወደ እመት ከድጃ ጠጋ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ውሃውን፣ ድስቱን፣ ምስጡን፣ ላንድሮቨር ላይ የተጫነው ሳጥን ውስጥ አፈርና ባዶ ፊልም ብቻ እንደነበር። የእርስዎን ልጅ እንዳያገኙት ነው ጋሽ እንድሪስ ያጠፉት አልኳቸው። እመት ከድጃ እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«አንድ እንኳ አላስቀራችሁም?»

«አላስቀረንም እመት ከድጃ።»

እጃቸውን ከፍተው ለጋሽ እንድሪስ ዱዓ አደረጉ፣ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ። «አላህ ይዘንለት። ይኼን ሁሉ ዘመን ረገምኩት» አሉ። ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«የጀማልን አንቺ ነሽ የነከርሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«አይተሽዋል?»

አይቼዋለሁ። ልጁን ስለማውቀው ውሃው ውስጥ ከመክተቴ በፊት ወደ ፀሐዩ ቀና አድርጌ አይቼዋለሁ።

«መልኩ እየጠፋብኝ ነው» አሉ። «ድምፁ አለ፤ መልኩ ነው የሚሸሸኝ። ምን ይመስል ነበር? እንዳየሽው ንገሪኝ።»

ልዋሽ አልቻልኩም። «ፊልም ላይ ሁሉ ነገር ተገልብጦ ነው የሚታየው እመት። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ይሆናል። ፊቱ ጠቁሮ፣ ጸጉሩ ድፍን ብሎ ነጭ ሆኖ ነው ያየሁት። ቅንድቡም ነጭ። ያቺ ማብቀል የጀመራት ጢሙም ነጭ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። እጃቸው እጄን ፈልጎ ያዘኝ።

«ሸምግሎ አየሽዋ» አሉኝ።

እጄን ሳይለቁ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ሽበቱ አምሮበት ነበር?»

«በጣም አምሮበት ነበር» አልኳቸው።